ይጠራል ወይስ ይጠየቃል

በእኛ አገር ገላጩ ያልገለጹት ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ይህን የምለው አገሬን ላማ ብዬ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ፊት ለፊት የሚናገረው ነገር ሐሜት ሊባል አይችልም። አንድ ጊዜ ከገበያው በታች አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው እስከ አፉ ሞላ። ገላጩ አለቃ ደምመላሽ ጉንፋን ይዟቸው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ጉድጓዱን ሳይገልጹት ሰነበቱ። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው በጉድጓዱ ዳር እያለፉ ከሩቅ ኩሬ ይቀዱ ነበር። አንዷ ደክሟት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ውሃ ጥም ስታለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ነበር።

አለቃ በየገበያው ቀን አደባባዩ መሐል ካለው ድንጋይ ላይ ይወጡና በአገሩ ያለውን ማማ፣ ወፍጮ፣ ኬላ እየጠሩ ይገልጻሉ። የነገሩን ስም ይናገራሉ፤ ያለበትን ቦታ ይናገራሉ፤ ከዚያ ወሬው እንዴት እንደሚሰማ ይናገራሉ። ወሬ የሚሰማው ደግሞ በሁለት መንገድ ብቻ ነው። ወይ ነገሩ ራሱ ይጠራል፣ ወይ ሰው ሄዶ ይጠይቀዋል። "የላይኛው ማማ፤ ከቀይ ገደል ራስ፤ ይጠየቃል!" ይሉ ነበር አለቃ፤ እኔም ዱላዬን ይዤ እነሳለሁ። ስሜ እንየው ነው፤ ሥራዬ ጠያቂነት ነበር።

ጠያቂ የሚጠይቀው በአንድ ቃል ነው፤ "አለ?" ይላል። የሚመለስለትም በአንድ ቃል ነው፤ "አለ" ወይም "የለም" ይባላል። ከዚያ በላይ መነጋገር ክልክል ነው። ክልከላው የወጣው ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ጠያቂ ወፍጮ ቤት ገብቶ ጨዋታ ሲይዝ፣ ከዚያ ቀጥሎ ሊጠይቃቸው የሚገባው ቦታዎች ሁሉ ሳይጠየቁ ስለ ዋሉ ነው ይባላል። ባለወፍጮው ጨዋታ አዋቂ ነበር አሉ።

በላይኛው ማማ የምትቀመጠው ትርንጎ ናት። ማማውን ከአባቷ ወረሰችው። ከማማው ሥር ወንዙ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክንድ ወደ እኛ እርሻ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ በረሃ ይሄዳል። ወንዝ ብዬ ጠራሁት እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ውሃው የሚመጣው ከእኛ ሰው ማንም ከማያውቃቸው ተራሮች ነው። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሲመጣም ብዙ አይቆይም። የእኛ ክንድ አሸዋ እንዳይሞላው በግንድ በር ተዘግቷል፤ ያንን በር ለማንሳት የከተማው ወንድ ሁሉ ያስፈልጋል። ስለዚህ ትርንጎ ውሃውን ታያለች፤ እኔ እሷን እጠይቃለሁ፤ ሮጬ ወርጄ እናገራለሁ፤ ወንዶቹ ወጥተው በሩን ያነሳሉ። አገሩ የሚበላው በዚህ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ መልሷ "የለም" ነበር። ሰው ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ "የለም" ሲባል ይናደዳል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ትርንጎ "የለም"ን እንደ ቀኑ ታውቅበት ነበር። ፀሐይ ሲሆን ቁርጥ አድርጋ ትለዋለች። ዝናብ ደብድቦኝ ከደረስኩ ቃሉን ታስረዝመዋለች፤ ቃሉ ተጀምሮ እስኪያልቅ እሳት ዳር ተቀምጬ ልብሴን ያደረቅኩ ይመስለኛል። አንዳንዴ ከሩቅ አይታኝ ገና ሳልጠይቃት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ያን ቀን አኮርፋለሁ፣ ያለችኝን አንዲት ቃል ወሰደችብኝ ብዬ። ጠያቂው የሚቆምበት ድንጋይ ላይ የሽምብራ ቆሎ በቅጠል ታስቀምጥልኛለች። ሕጉ ስለ ሽምብራ የሚለው ነገር የለም። እኔም ጨው በጨርቅ ቋጥሬ እዚያው ትቼላት እወርዳለሁ። ስለ ጨውም የሚለው ነገር የለም።

ወደድኳት። አለቃ ደምመላሽ ይህን ስላልገለጹት በሕግ ፊት አልሆነም፤ እኔ ግን ወደድኳት።

እውነቱን ለመናገር መጠየቅ ጉድለት ነበረው። አንድ ክረምት "የለም" ተብዬ ገና ቁልቁለቱን ሳልጨርስ ውሃው ከኋላዬ መጣ። በሚቀጥለው ስወጣ ትርንጎ "አለ" አለችኝ፤ የቀረው ግን ጭራው ነበር። ያን ዓመት የእርሻው እኩሌታ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሌሎቹም ጠያቂዎች ቢሆኑ ጫማቸውን ጨርሰው ይዘው የሚመለሱት "የለም"ን ነው። ስለዚህ አለቃ አንድ የገበያ ቀን ድንጋያቸው ላይ ወጥተው "ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ይጠራል!" ሲሉ አደባባዩ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ከየቦታው እስከ ደወል ቤቱ ገመድ ተዘረጋ። ጠያቂ የነበርነው ሁሉ ተቀማጭ ተባልን፤ ለእያንዳንዳችን በየደወላችን ሥር ወንበር ተሰጠን። ደወልህ ሲጮህ የያዝከውን ጥለህ ትሄዳለህ፤ ካልጮኸ አትሄድም። ስትነሳ ምን ላይ እንደ ነበርክ አጠገብህ ላለው ሰው ትናገራለህ፤ ስትመለስ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ሲነገር የሚያምር ነገር ነበር።

የወፍጮው ተቀማጭ ጓደኛዬ አንማው ነበር። ወፍጮ ቤት ድሮም ዱቄት ታጥቶበት አያውቅም፤ በፊት አንማው ሲመቸው ጎራ ብሎ "አለ?" ይላል፣ "አለ" ይባላል፣ ተሸክሞ ይመለሳል። አሁን ግን ቁና በሞላ ቁጥር ይደወላል። አንማው ጉርሻውን ጠቅልሎ ወደ አፉ ሲያደርስ ደወሉ ይጮሃል። "እንየው፣ ጉርሻው ከንፈሬ ላይ ነበር!" ብሎኝ ይሮጣል። ሲመለስ ላቡን እየጠረገ "የት ነበርኩ?" ይለኛል። "ከንፈርህ ላይ" እለዋለሁ። ጉርሻውን ወደ ከንፈሩ ሲያነሳ እንደገና ይደወላል። ሰውዬው መክሳት ጀመረ።

ጸጉር ቆራጩ የኬላው ተቀማጭ ሆኖ ስለ ተሾመ የከተማው ወንድ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ይዞር ነበር። ዓይን ሲለምድ መጥፎ ነውና ልጃገረዶቹ ሙሉ የተላጨ ሰው ሲያዩ መሳቅ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ተቀምጦ "እንግዲህ እናንተ ሁለታችሁ" ሲል ደወሉ ጮኸና ሄደ። ከአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው ሲሮጥ ብዙ ቆየ። ባልና ሚስቱ መታረቅም መፋታትም ስላልተነገራቸው ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡ ከረሙ። በኋላ ራሳቸው ተስማሙ አሉ።

የእኔ ደወል ግን ዝም አለ።

አንማው "አንተማ ታድለሃል፤ ትበላለህ፣ ታንቀላፋለህ" እያለ ይቀናብኝ ነበር። መብላቱን እበላለሁ፤ ምግቡ ግን ጣዕም አልነበረውም። ዝገት ይዞት ይሆናል ብዬ የደወሉን ምላስ ቅቤ ቀባሁት። ነፋስ ሲነፍስ ገመዱ ይነቃነቅና ልቤ ዘሎ ይነሳል፤ ነፋሱ ሲተው ገመዱ ይረጋል፤ የእኔ ልብ ግን ቶሎ አይረጋም። ትርንጎ ናፈቀችኝ። የናፈቀኝ መልኳ ብቻ አይደለም፤ "የለም" ማለቷ ናፈቀኝ። በፊት "የለም" ስትለኝ ቢያንስ እዚያ ቆማ ነው። ደወል "የለም" ማለት አያውቅም። የሚያውቀው ዝም ማለት ነው፤ ዝምታውም "ውሃ የለም" ይሁን፣ "ታምሜያለሁ" ይሁን፣ "ረስቼሃለሁ" ይሁን፣ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ሊለየው አይችልም።

አንድ ክረምት ውሃ ሳይመጣ አለፈ። አለቃ ድንጋያቸው ላይ ወጥተው "የላይኛው ማማ አልጠራም፤ ስለዚህ ውሃ አልመጣም" ብለው ገለጹ። ሌላው ክረምትም እንዲሁ አለፈ። ሰው ለዘር ያስቀመጠውን እየቆላ መብላት ጀመረ። ያኔ አላስቻለኝም፤ አለቃ ዘንድ ሄድኩ።

"አለቃ፣ ላይኛው ማማ ሄጄ ልይ?" አልኳቸው።

"ምን ልታይ?"

"ትርንጎን። ደህና መሆኗን።"

"የላይኛው ማማ ምን ተብሎ ነው የተገለጸው?"

"ይጠራል ተብሎ።"

"ጠርቷል?"

"አልጠራም።"

"ታዲያ?" አሉ።

"ምናልባት ታማ እንደሆነስ?"

"ስትታመም ትደውላለች።"

"ሞታ እንደሆነስ፣ አለቃ?"

አለቃ ክፉ ሰው አይደሉም። አገጫቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ፤ ፊታቸው ላይ ሐዘን የመሰለ ነገር አየሁ። "እሱ አልተገለጸም" አሉኝ በመጨረሻ።

"እንግዲያው ደወሉም ይኑር፣ አልፎ አልፎም ሄጄ ልጠይቅ። ሁለቱም ይሁን።"

"እንየው!" አሉ ደንግጠው፣ ሰው እንዳልሰማን ዞር ዞር ብለው እያዩ። "ሁለቱም? የሚጠራ ነገር ተጠየቀ ከተባለ እኮ አላመንከውም ማለት ነው። ማማውን ልትሰድበው ነው? ይልቅ ሂድ፣ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ።"

ሄጄ ተቀመጥኩ።

ያወጣኝ የአለቃ ልጅ ሠርግ ነው። ደወል ሙሽሮቹን እንዳይረብሽ ተብሎ ደወሎቹ ሁሉ በጨርቅ እንዲታፈኑ ታዘዘ፤ በዚያ ቀን በአገሩ ምንም ነገር እንደማይሆንም ተገለጸ። የሆነ ነገር ከነበረ እስካሁን አልሰማሁም። የታፈነ ደወል ሥር የሚቀመጥ ሰው ምን ይሠራል? ተነሳሁ። ሕግ ነውና ለአንማው ነገርኩት። አንማው ያን ቀን ብቻውን አንድ ገበታ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ አፉ ሙሉ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ምን ላይ ነበርክ?" አለኝ እያላመጠ።

"ምንም ላይ አልነበርኩም።"

"ስትመለስ ታዲያ ከየት ትቀጥላለህ?"

ዱላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ገመዱን እየተከተልኩ ሄድኩ። ከምሰሶ ምሰሶ ተወጥሮ እስከ ቀይ ገደል ሥር ይደርሳል። እዚያ የመጨረሻው ምሰሶ ላይ በደንብ ተቋጥሯል። ቀና ብዬ ገደሉን አየሁ፤ ገደሉ ላይ ገመድ የለም። ድንጋዩ ሸፍኖት ይሆናል ብዬ ቦታ እየለዋወጥኩ አየሁ። የለም።

በድሮው የጠያቂዎች መንገድ ወጣሁ። መንገዱን ሣር ውጦታል። አፋፉ ላይ ስደርስ ሌላ ገመድ አገኘሁ፤ ከማማው ተነስቶ ይመጣና ገደሉ ጫፍ ላይ የበቀለች አንዲት ወይራ ላይ ታስሯል። ሠራተኞቹ ገመድ አልቆባቸው፣ እስክንመለስ ብለው ያሰሩት እንደሆነ ገባኝ። አለቃ አስቀድመው ገልጸውት ስለነበር መመለስ አላስፈለጋቸውም። የወይራዋ ልጥ በገመዱ ዙሪያ ተልጦ አልቋል። ገመዱ እንጨቱን ራሱን በልቶ ጎድጉዶታል፤ ጣቴን ባስገባው ገባ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትርንጎ ማማው ሥር ቆማ አገኘኋት። ጠጉሯ ላይ ሽበት ገብቷል፤ መዳፎቿ በጨርቅ ተጠምጥመዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ስናፍቃት ከርሜ፣ አፌ ለምዶበት፣ "አለ?" አልኳት።

አየችኝ፣ አየችኝና "አለፈ" አለች።

ይህ ቃል በሕጋችን ውስጥ የለም።

"ሁለቱንም ክረምት አለፈ" ብላ ቀጠለች። ትርንጎ ከአንድ ቃል በላይ ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበርና መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅዋን ነው፤ የምትለው የገባኝ ቆይቶ ነው። "ውሃው ሲመጣ ጎተትኩ። እጄ እስኪላጥ ጎተትኩ። አሁን ይመጣሉ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ። ማንም የለም። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ እሱ ለእኔ መች ይነሳል? ውሃው ዓይኔ እያየ በበረሃው በኩል ወረደ። በሁለተኛውም ክረምት እንደዚያው ሆነ።"

"ገመዱ እኮ ከደወሉ ጋር አልተያያዘም፣ ትርንጎ። ወይራ ላይ ነው የታሰረው።"

"እሱን ቆይቶ አየሁት። ካየሁትም በኋላ መጎተቱን አልተውኩም።"

"ለምን?"

"ውሃ ሳይኖርም እጎትት ነበር" አለች፣ ጥያቄዬን ያልሰማች መስላ። "አንተ እንድትመጣ። ጥፋት ነው አይደል?"

"ነገር ሳይኖር መደወል ከባድ ጥፋት ነው።"

"ቅጣቱ ምንድን ነው?"

"ገመድሽን ይቆርጡታል።"

ሳቀች። ሳቋንም ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ጠፋና "እየጠበቅኩሽ ነበር" አልኳት። "አንድም ቀን አልረሳሁሽም። ደወሉ ሥር ተቀምጬ ነበር።"

ሳቋን አቆመች። "እግርህን ምን ነካው?" አለችኝ።

እግሬን አየሁት። ምንም አልነካውም።

ያን ቀን እስኪመሽ አወራን። ለዓመታት በአንድ ቃል የተነጋገረ ሰው ወሬ ሲያገኝ ስስታም ይሆናል፤ እሷ ስትናገር እኔ ትንፋሼን እቆጥባለሁ፣ እኔ ስናገር እሷ ከንፈሬን ታያለች። ጨውን ስተውላት በየትኛው እጄ እንደማስቀምጥ ታውቃለች። እኔ ደግሞ ቆሎውን ስትቆላ ማሳረር እንደምትወድ ነገርኳት። "መውደድ አይደለም" አለች፤ "አንተ ስትመጣ ለማየት ማማው ላይ እወጣና ያርብኛል።" ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጠዋት ስነሳ በማናውቃቸው ተራሮች ላይ ደመና ተቆልሎ አየሁ። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ወገቧን አስራ ቆማለች።

"አብረን እንውረድ" አልኳት።

"ውሃው ቢመጣ ማን ያየዋል?"

"እንግዲያው አንቺ ቆይ፤ እኔ ወርጄ ልንገራቸው።"

"ምን ትላቸዋለህ? ደወልህ አልጮኸ፤ ደወሉ ያልጮኸ ሰው ወሬ አለው ይባላል? ገና አፍህን ሳትከፍት ወደ ወንበርህ ይመልሱሃል።" እውነቷን ነው። "እነሱ ይጠራል ያሉት ማማውን ነው። ማማው ደግሞ እኔ ነኝ። በእግሬ ሄጄ እጠራቸዋለሁ። በሩን የሚያነሳ ሰው ይዤ እወጣለሁ፤ ካልሰሙኝም ብቻዬን እመለሳለሁ። አንተ ውሃውን እይ። እየመጣሁ እጠይቅሃለሁ።"

"ትርንጎ" አልኳት። እጇን ይዤ በጨርቁ ላይ ሳምኩት። እሷም ግንባሬን ስማኝ ወረደች፤ እስክትሰወር ማማው ላይ ቆሜ አየኋት።

አሁን ማማው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ደመናው ከዚያ ወዲህ ጠቁሯል፤ ውሃው ግን ገና አልመጣም። ሌት ተቀን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር አለ። አለቃ ደምመላሽ ከተማ የገባ ሰው ወንበር ሳይሰጡት አያድሩም፤ የእኔ ወንበር ደግሞ ባዶ ነው። እሷ እሺ ብላ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም እላለሁ። መንገዱን አያለሁ፤ እንደገና ይህንኑ እላለሁ።

ጠዋት ጠዋት ዛሬ የምትመጣ ይመስለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ በየስንት ጊዜው እንደምትመጣ ሳልጠይቃት ቀረሁ።